ሐቡብ ሳይመጣ፦ የካርቱምን ግቢና ጓሮ ለሙቀቱ ወራት ማሰናዳት

ካርቱም ላይ ጸደይ ቶሎ ያልፋል። ጥር ላይ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል፤ ሚያዝያ ላይ ቀትሩ 40 ዲግሪ ይሻገራል፤ ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ይመላለሳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ሲፈነዳ ከዴምና ከጅሬፍ ሰፈሮች የተበተንን ሐበሾች ብዙ ነን። እዚያው ለቀሩትም ሆነ ለሚመለሱት መብራት የሚያስተማምን ስላልሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ያለ መብራት የሚሠራ ነው።

ከዚር ጀምሩ። ይህ ትልቅ የሸክላ ጋን ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በገላው የሚያልበው ውሃ ሲተን ነው። ስለዚህ ቀለም አትቀቡት፣ ቅባትም አታስነኩት። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ መቆሚያው ላይ አስቀምጡት፤ ክዳን አይለየው። ውስጡን በየጊዜው በብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቡ፤ ሳሙና ሸክላው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አቧራ በነፈሰ ማግስት የውጭ ገላውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ አለዚያ ማላቢያው ይደፈንና ውሃው ለብ ይላል። ከሥሩ የሚንጠባጠበውም ውሃ ነውና የናና ተክል በጣሳ አኑሩበት። እርጥቡ የደቡብ ነፋስ ሲገባ ዚሩ እንደ ሚያዝያው ካላቀዘቀዘ አትዘኑበት፤ አየሩ ራሱ እርጥበት ስለያዘ ትነቱ ቀንሶ ነው።

ቀጥሎ ጓሮው። ጎጃም ወይም ጎንደር ያደገ ሰው የክረምት ውሃ ሥሩን እንዳያበሰብስበት መደቡን ከፍ ያደርጋል። ካርቱም ላይ ግን ከፍ ያለ መደብ በአንድ ቀትር ደርቆ ያድራል፤ ልማዱን ገልብጡት። መደቡን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ዙሪያውን በአፈር ከትሩ፣ ውሃው ውስጡ እንዲተኛ አድርጉ። ላዩን በገለባ ወይም በደረቀ የኒም ቅጠል ሸፍኑት። መሐሉ ላይ ያልተሰነጠቀና ያልተለበጠ ትንሽ የሸክላ እንስራ እስከ አንገቱ ቅበሩና ውሃ ሞልታችሁ ክደኑት፤ ቀስ እያለ ወደ ሥሮቹ ያጣራል። ውሃ በቦቴ ለሚገዛ ቤት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ማጠጣት ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው።

ለእነዚህ ወራት ባሚያ፣ እንዲሁም ሞሎኪያና ርጅላ የሚባሉትን ቅጠላ ቅጠሎች ዝሩ። በሶብላም ውሃ ካላጣ ሙቀቱን ይችለዋል። ጤና አዳም ግን በደንብ ውሃ በሚያሳልፍ ጣሳ ይተከል፤ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ያግኝ፣ ከረፋዱ በኋላ ወደ ጥላ ይግባ።

ሐቡብ የሚነሣው ከነጎድጓድ ደመና ሥር ቀዝቃዛ አየር ወደ መሬት ወርዶ ወደፊት ሲሰራጭ ነው፤ የደረቀውን አፈር እየጠረገ ይመጣል፤ ቁመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ወይም ሲመሽ ይመታል። አየሩ ታፍኖ ነፋሱ ቆሞ፣ በደቡብ በኩል ቡናማ ግድግዳ ከታያችሁ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጆቹን አስገቡ፤ ከዚያ የተሰጣውን በርበሬና ልብስ፣ ከዚያ በአንገረቡ፣ በገመዱ አልጋ፣ ላይ የተነጠፈውን። መስኮት ዝጉ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ወትፉ። መብራት ካለና መኪፉ፣ በእርጥብ ገለባ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ እየሠራ ከሆነ አጥፉት፤ አቧራውን ስቦ ያስገባል፣ ገለባውም ጭቃ ይሆናል። አስም ያለበት ሰው ውስጠኛው ክፍል ይቀመጥ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ሐቡብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ነው። ጀበናው ተጥዶ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ እያለ ሰማዩ ሲጠቁር እጅ የሚሄደው ማንደጃውን ይዞ ወደ ቤት ለመግባት ነው። አታስገቡት። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ያመጣና ይገድላል። ፍሙን እዚያው ግቢ ውስጥ በውሃ አጥፉት፤ ጀበናውን ብቻ ይዛችሁ ግቡ። ቡናው ነገም አለ።

አቧራው ካለፈ በኋላ ለመጥረግ አትቸኩሉ። ደረቅ መጥረጊያ የሰፈረውን እንደገና ያስነሣል። አቧራው እስኪሰክን ጠብቃችሁ ዕቃውን ከላይ ወደ ታች በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ርጩ፣ ከዚያ ጥረጉ። አልጋ ልብሱ ውጭ ይራገፍ። የተክሎቹን ቅጠል በዚያው ምሽት ወይም በማግስቱ ማለዳ በቀስታ እጠቡ፤ አቧራ የለበሰ ቅጠል ብርሃን አያገኝም።

ሰኔ ሳይወጣ ጣሪያ ላይ ውጡ። ሐቡብ የከመረውን አፈር አውርዱ፣ የውሃ ማፍሰሻውን ክፈቱ፣ ከጭቃ የተሠራ ግንብ ካላችሁ ስንጥቁን ምረጉ። ካርቱም ዝናብ አያውቃትም ብሎ መዘናጋት አያዋጣም፤ በሐምሌ 1980 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ቀን ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘንቦ፣ በዓመት ከምታገኘው በልጦ፣ ብዙ ሺህ የጭቃ ቤት አፍርሷል። የጎመን ዘራችሁን ግን አሁን አትንኩት። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ዘግታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ የሚዘራው ጥቅምት ላይ፣ የሰሜኑ ነፋስ ሲመለስ ነው።