እሳትን ከመንገድ መመለስ

ልጄ፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ኬሚካል ወደሚያወጣ ፋብሪካ ልትገባ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም ጀርመን፣ ሩር አካባቢ፣ በዚሁ ሥራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ጉብዝናህን አውቃለሁ፤ ችኮላህንም አውቃለሁ። እስቲ ቁጭ በልና ስማኝ።

1. ሥራህ እሳትን ከመንገድ መመለስ መሆኑን አትርሳ። እናትህ ነጠላዋን ብል እንዳይበላባት ሣጥን ውስጥ የምትጨምረው ናፍታሊን ከቅጥራኑ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ትነቱን ከብዙ አየር ጋር ቀላቅለን፣ 350 ዲግሪና ከዚያ በላይ በጋለ የቫናዲየም ካታሊስት ላይ ስናሳልፈው ፍታሊክ አንሃይድራይድ ይሆናል። ለቀለምና ለፕላስቲክ ማለስለሻ የሚፈለገው እሱ ነው። ቡና ስትቆላ ዞር ካልክ እንደሚያርብህ ሁሉ፣ ይህም ልኩን ካለፈ ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። እስከ መጨረሻው ሲቃጠል ደግሞ የሚለቀው ሙቀት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሙቀቱ ሌላ ቃጠሎ ይጠራል፤ ቃጠሎውም ሌላ ሙቀት።

2. ቴርሞሜትሩን እመን። በቱቦዎቹ ዙሪያ የሚዘዋወረው የቀለጠ ጨው ነው ሙቀቱን የሚወስድልህ። በወጣትነቴ፣ በአንድ የሌሊት ፈረቃ፣ አንዱ ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ከፍ ብሎ አየሁና «ይሄ ተበላሽቷል» ብዬ አለፍኩት። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ጨው የሚያዘዋውረው ፓምፕ እየደከመ ነበር። ሲነጋ የብዙ ቱቦዎች ካታሊስት ከጥቅም ውጭ ሆኖ አገኘነው። አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። በ1890ዎቹ ሉድቪግስሃፈን በሚገኘው ባስፍ ኩባንያ ቴርሞሜትር ተሰብሮ ሜርኩሪው ናፍታሊንና ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቢፈስ ፍታሊክ የማውጣቱን ሥራ እንዳፋጠነው፣ በ1897 ለገበያ ለቀረበው ሰው ሠራሽ ኢንዲጎም መንገድ እንደከፈተ ይነገራል። ዕድል ለእነሱ አንድ ጊዜ መጥታለች፤ አንተ አትጠብቃት።

3. የፈረቃህን ኮታ ለመሙላት ብለህ ናፍታሊኑን አትጨምር። ከአየሩ ጋር ሲቀላቀል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ለፍንዳታ ይበቃል። አሥር ዓመት ምንም ሳይሆን መቆየቱ አያዘናጋህ፤ እሳት ቢላመድም እሳት ነው።

4. የገባልህን ዕቃ ሳታስመረምር አትቀበል። ናፍታሊን በ218 ዲግሪ ሲፈላ፣ አብሮት የሚመጣው ቆሻሻ፣ ሰልፈር ያለበት ቲዮናፍቲን፣ በ221 ይፈላል። በሦስት ዲግሪ ልዩነት በማንጠር ብቻ አይለያዩም።

5. ቱቦ ሁሉ ሙቅ ይሁን። ናፍታሊን ከ80 ዲግሪ በታች፣ ፍታሊክ አንሃይድራይድ ከ131 በታች ይረጋል። የተደፈነ ቱቦ ደግሞ በሌሊት ብቻህን የምትከፍተው ነገር አይደለም።

6. ገላህን አክብር። በ1915 ሁለት ጃፓናውያን፣ ያማጊዋና ኢቺካዋ፣ የጥንቸል ጆሮ ላይ ቅጥራን ደጋግመው እየቀቡ ካንሰር አመጡ። ከእኛም መካከል «እጄ ለምዶታል» እያሉ ጓንት የሚንቁ ነበሩ። ቆዳ ቅጥራንን አይለምድም። የፍታሊክ ብናኝም አስም ያመጣል፤ ጭንብልህን አንገትህ ላይ አታንጠልጥለው። ቱታህን እዚያው ፋብሪካው አውልቅ፣ ታጠብ፣ ከዚያ ቤትህ ግባና ልጅህን እቀፍ።