«ማለት ነው»፦ የመሙያ ሐረግ መብዛትና የትርጉም ብዥታ

«ያው»፣ «እንግዲህ»፣ «እንትን»፣ «ምን መሰለህ» እና «ማለት ነው» በዕለት ተዕለት የአማርኛ ንግግር ውስጥ ተናጋሪው ሐሳቡን እስኪያደራጅ ድረስ ክፍተት ይሞላሉ። የተለመደው ምክር እነዚህን ማስወገድ ወይም በሌላ ቃል መተካት ነው። ይሁን እንጂ ተተኪው ከመመረጡ በፊት ሐረጉ በገባበት ቦታ የሚሠራው ሥራ መለየት ይኖርበታል። ለምሳሌ «ምን መሰለዎት» ክፍተት ቢሞላም ለአድማጭ አክብሮትን ይገልጻልና ጥቅም የለውም ማለት ያስቸግራል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ትርጉምን በይበልጥ በሚያዛባው «ማለት ነው» ላይ ነው።

ሐረጉ ሁለት የታወቁ አገልግሎቶች አሉት። አንደኛው ብያኔ ነው፤ «ቃለ ጉባኤ ማለት የስብሰባ ሐሳብና ውሳኔ የሚሰፍርበት መዝገብ ማለት ነው» እንደሚባለው። (እዚህም ቢሆን ሁለተኛው «ማለት» ቢቀር ትርጉሙ አይጎድልም።) ሁለተኛው ከምልክት ተነሥቶ መደምደም ነው። የጎረቤቶቹን መብራት ጠፍቶ ያገኘ ሰው «ተኝተዋል ማለት ነው» ሲል፣ የተናገረው ያየውን ሳይሆን የገመተውን ነው።

የመሙያው አገልግሎት ከዚህ ሁለተኛው ጋር ይጋጫል። «ገበያ ሄድኩ ማለት ነው፤ በርበሬ ገዛሁ ማለት ነው» የሚል ተናጋሪ የራሱን ድርጊት ስለሚተርክ ብዥታ አይፈጥርም። ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ግን ሁኔታው ይለወጣል። ምስክር «ተከሳሹ በጓሮ በኩል ወጣ ማለት ነው» ቢል፣ አይቷል ወይስ ገምቷል? መዝጋቢው ወይም አስተርጓሚው ሐረጉን ቢተወው፣ ግምት የነበረው ቃል የዐይን እማኝነት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ እንዳለ ቢያቆየው ደግሞ በዐይኑ ያየው ሰው ገማች ሊመስል ይችላል።

ሐረጉ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚገኝበት ምክንያት በቋንቋው አወቃቀር ሊብራራ ይችላል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ እርሱ እንደተነገረ አድማጩ ተራው የደረሰው ሊመስለው ይችላል። ቀጣዩን ሐሳብ ያላዘጋጀ ተናጋሪም ተራውን ላለመልቀቅ «ማለት ነው» ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ የተሻለው አማራጭ ሌላ መሙያ ሳይሆን ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ገበያ ሄጄ፣ በርበሬ ገዝቼ፣ በታክሲ ተመለስኩ»። «ሄጄ» የሚለው ቃል ንግግሩ እንዳላለቀ በራሱ ስለሚያመለክት፣ ከእርሱ በኋላ ዝም ማለትም ይቻላል። እርግጥ ሰንሰለቱ ሲረዝም አድማጭን ያደክማል፤ ባለቤቱ በየመካከሉ ሲለዋወጥ ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ ለመከታተል ያስቸግራል።

ለግምት ግልጽ መግለጫዎች አሉ፤ «ተኝተው መሆን አለበት»፣ «ተኝተው ሳይሆን አይቀርም»፣ «የተኙ ይመስለኛል»። የእርግጠኝነት ደረጃቸው ስለሚለያይ እንደ ሁኔታው መመረጥ አለባቸው። ለታየ ነገር «ሲወጣ አይቻለሁ» ማለት ይበቃል። ምስክሩ ይህን ሳይለይ ከተናገረ፣ ቃሉ ከመመዝገቡ በፊት «ሲወጣ በዐይንዎ አይተውታል ወይስ ገምተው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።