የኋላ ፍሬን ጩኸት፤ በጊዜ ከተሰማ ርካሽ፣ ከዘገየ ውድ

የቡና ለቀማ በሚጦፍባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ መንገዶች ላይ ፒክአፕ መኪና ዕረፍት የለውም። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ የታጠበ ቡና ሆኖ የማለፍ ዕድሉ ይበላሻል። ስለዚህ መኪና በሥራ ወቅት ጋራዥ ሲቆም ነጋዴው የሚከፍለው የመካኒኩን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጭነቱ ጥራት መውረድና የሌላ መኪና ኪራይም አለበት። ይህንን የሚፈራ ባለንብረት የኋላ ፍሬን መጮህ ሲጀምር «ለቀማው ይለፍና ይታያል» ማለት ይቀናዋል። ሒሳቡ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው።

ሃይሉክስንና መሰሎቹን የጭነት ፒክአፖች ብንወስድ የኋላ ፍሬናቸው በአብዛኛው ባለ ታምቡር ነው። ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ውስጥ ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ በውስጡ ያለችው ትንሽ የፍሬን ፖምፓ ብረቶቹን ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ተፋትጎ መኪናውን ያቆማል። እግር ሲነሳ ሞላዎች ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። ሸራ የተሠራው ለማለቅ ነው፤ ታምቡር ግን ለመቆየት ነው። የወጪው ምሥጢር ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ድምፁ ምን ይላል?

መኪናው ዝናብ ላይ ካደረ በኋላ ጠዋት ጮኾ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ድምፅ በታምቡሩ ላይ የያዘ ቀላል ዝገት ነው። ዝናብ በማይለየው በጅማ አካባቢ ይህ የተለመደ ስለሆነ ገንዘብ አያስወጣም።

ፍሬን በቀስታ ሲያዝ ሁልጊዜ የሚሰማ ቀጭን ሲጢጢታ የአቧራ መጠራቀምን፣ የሸራውን ገጽ በሙቀት መስተዋት መምሰል ወይም ብረቶቹ የሚንሸራተቱባቸው ቦታዎች መድረቅን ያመለክታል። ጽዳት፣ ብርጭቆ ወረቀትና ሙቀት የሚችል ጥቂት ግሪስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቁታል። ግሪሱ ግን ሸራውንም ሆነ የታምቡሩን የውስጥ ገጽ ፈጽሞ መንካት የለበትም።

ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ሸራው አልቆ ታምቡሩ እየተበላ መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ መኪናው መቆም አለበት።

ፍሬን ሳይያዝም የሚሰማ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን በቀስታ ነካ አድርጎ መፈተን ይገባል። ድምፁ ከተለወጠ ጥፋቱ ከፍሬኑ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሳይለቅ ቀርቶ ወይም ሞላው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ካልተለወጠና ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር እምምታ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን መጠርጠር ይሻላል። ይህንን ሳይለዩ ሸራ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲከፈት ምን ይታያል?

መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል። ታምቡሩ እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅ፣ አንድ የኋላ ጎማ ሲነሳም ማርሽ ማስገባት ብቻውን መኪናውን ስለማይዝ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ መያዝ አለባቸው። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አይታመንም። በውስጡ ያለውን አቧራ በአየር መንፋት አደገኛ ነው፤ በአሮጌና ምንጩ በማይታወቅ ሸራ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

የሸራው ውፍረት በብዙ ቀላል መኪኖች ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጊዜው አልፏል። ውስጡ ረጥቦ ከተገኘ ፖምፓዋ የፍሬን ዘይት፣ ወይም የአክስሉ ጎሚኒ የዲፈረንሲያል ዘይት እያፈሰሰ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም፤ መጀመሪያ የሚያፈሰው ተጠግኖ ሸራው ይቀየራል። ሸራ ሲቀየር ግራና ቀኝ እኩል ይቀየራል፤ አንዱ ወገን ብቻ ከታደሰ ፍሬኑ መኪናውን ወደ ጎን ይጎትታል። የሞላዎቹ አቀማመጥ እንዳይምታታም አንዱ ጎማ ተገጣጥሞ ሳያልቅ ሌላው አይፈታም።

የተቦረቦረ ታምቡር ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል። በታምቡሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የውስጥ ስፋት ካለፈ ግን ተቀያሪ ነው። ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ የሚልክም ሰው አሮጌውን ሸራ ለናሙና ቢያስይዝ ከሁለት ጊዜ ጉዞ ይድናል።

የመዘግየት ዋጋ

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚባለው ለዚህ ጉዳይም ይሠራል። ዛሬ በብርጭቆ ወረቀት የሚያልፈው ጩኸት ነገ ሸራ፣ ከነገ ወዲያ ታምቡር ይጠይቃል።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ መንገዱ አለ። ባዶ መኪናን በአብዛኛው የሚያቆመው የፊት ፍሬን ሲሆን፣ ጆንያ ሲደረደር የኋላው ድርሻ ያድጋል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የግቤ ሸለቆ ቁልቁለት ይጠብቃል። አልለቅ ብሎ የሚጎተት ፍሬን እዚያ ይግላል። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወሰኑ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ያለ መቋቋም ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየርና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ያዋጣል።

ለፍተሻው የሚመቸው ጊዜ መኪናው ሥራ የሚፈታበት ነሐሴና ጳጉሜን ነው። ያኔ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ በኅዳር የሚጠፋው ግን የአንድ መኪና ሙሉ እሸት ቡና ነው።