ወንዶች፣ ከጎድን አጥንት ስር የሚያማችሁ የት ጋ ነው?

ከወልቂጤና ከቡታጅራ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነው፦ «ዶክተር፣ ከጎድኔ ስር ይወጋኛል፤ ጨጓራ ነው ወይስ ብርድ?» እኔ መጀመሪያ የምለው «በእጅህ አሳየኝ፤ መቼ ይብስብሃል?» ነው። ቦታውና ሰዓቱ ብዙ ይናገራሉ።

📌 በቀኝ በኩል
የሐሞት ጠጠር ይታሰባል። የሐሞት ከረጢት ቅባት ስንበላ ይጨመቃል፤ ጠጠር መውጫውን ከዘጋው ህመሙ ይነሳል። በመስቀል ሰሞን ቅቤ የጠጣ ክትፎ ከተበላ በኋላ ቢቀሰቀስ አይገርምም። ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ጀርባ ይሄዳል፤ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በሴቶች ቢበዛም «የሴት በሽታ ነው» አትበሉ። ትኩሳት ካለ ደግሞ የጉበት መግልን እናስባለን፤ አሜባ የሚያመጣው ወንዶች ላይ ይበዛል።

📌 መሃል፣ ከእንብርት በላይ
ሲርባችሁ ወይም ሌሊት የሚያቃጥል ከሆነ የጨጓራ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ዋና መንስኤዎቹ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። «ለውጋት» ብላችሁ ከፋርማሲ የምትገዙት ክኒን ቁስሉን ሊያደማው ይችላል!

📌 በግራ በኩል
ጨጓራም እዚህ ሊያም ይችላል። ወደ ጊቤ ቆላ ወርዳችሁ ከመጣችሁ በኋላ ብርድ ብርድ ካላችሁ ግን የወባ ምርመራ አድርጉ፤ ወባ ጣፊያን ያሳብጣል።

📌 ከጎን ወደ ብሽሽት
እየመጣ የሚሄድ፣ መቀመጫ የሚያሳጣ፣ እስከ ዘር ፍሬ የሚወርድ ህመም የኩላሊት ጠጠር ምልክት ነው። ውሃ በደንብ አለመጠጣት ያባብሰዋል።

📌 ስትተነፍሱ ወይም ስትነኩት
ሳልና ትኩሳት ካለው የሳንባ ምች፣ ሸክም ካነሳችሁ በኋላ ስትጫኑት የሚያም ከሆነ ደግሞ የጡንቻ ህመም ሊሆን ይችላል።

🚨 ሳትዘገዩ ሆስፒታል ሂዱ፦
✅ መሃል ላይ ጨምድዶ የያዘ፣ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ህመም ካለ። ይህ ሃርት አታክ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ ወይም ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ
✅ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ
✅ ዓይን ቢጫ ከሆነ
✅ ከህመሙ ጋር ከፍተኛ ትኩሳት ካለ
✅ ሆድ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ

ወንድሜ፣ ህመምን መቻል ጀግንነት አይደለም። አልትራሳውንድ፣ የሰገራ ምርመራ ወይም የልብ ኢሲጂ መልሱን ሊሰጥህ ይችላል። «ትንሽ ጋዝ ነው» እያለ ለሚያሳልፍ አባት፣ ወንድም ወይም ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።

ጤናችሁ ይብዛ!