የአስም ሕክምና በመጠለያና በሠፈራ ጣቢያዎች፦ የቅርብ ዘመን ጥናቶች የሚያስተምሩን

ድርቅ ሕዝብን ከቀዬው በሚያፈናቅልበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ የእህልና የውሃ ጥያቄ ነው። ከዚያም ቀጥሎ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ ወባና የሳንባ ምች የእርዳታ ሠራተኛውን ትኩረት ይይዛሉ። ይህ ቅደም ተከተል ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወደ መጠለያ ከሚገቡት ወገኖች መካከል ሕመማቸውን ከአገራቸው ይዘው የመጡ፣ መድኃኒታቸውን በመንገድ የጨረሱ ወይም ከቤታቸው ጋር ጥለው የወጡ ሰዎች መኖራቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከእነዚህም አንዱ የአስም ሕመምተኛ ነው። አስም በአንድ ሌሊት ሊገድል የሚችል፣ ነገር ግን ተገቢው መድኃኒት በወቅቱ ከተገኘ በአብዛኛው ሊገታ የሚችል በሽታ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም የነበረባቸው ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 455,000 ሰዎች በበሽታው ምክንያት ሞተዋል። ከሟቾቹም አብዛኞቹ ሕክምና እንደ ልብ በማይገኝባቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ነዋሪዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከቅርብ ዓመታት ምርምር የተገኘውን አንድ ዋነኛ ትምህርት ለጣቢያ ኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች ማስተላለፍ ነው። ይኸውም ትንፋሽን ለጊዜው የሚከፍት መድኃኒት ብቻውን አስምን ያክማል ማለት አለመሆኑ ነው።

የበሽታው ምንነት

አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽታው የሚገኘው አየርን ወደ ሳንባ በሚያደርሱት ቧንቧዎች ላይ ነው። የአስም ሕመምተኛ የአየር ቧንቧዎች ሕመሙ ባልተነሣበትም ጊዜ ቢሆን የውስጥ ግድግዳቸው የተቆጣና ያበጠ ነው። ይህን ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ብግነት ያለበት ቧንቧ ጢስ፣ አቧራ፣ ብርድ፣ ጉንፋን ወይም የአበባ ብናኝ ሲነካው ከመጠን በላይ ይቆጣል። ያን ጊዜ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይከሰታሉ፦ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ የውስጥ ግድግዳው የበለጠ ያብጣል፣ ወፍራም አክታም መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ሕመምተኛው ደረቱ ይታፈናል፣ ያስላል፣ ሲተነፍስም ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያሰማል። ሕመሙ በተለይ በሌሊትና በንጋት ይበረታል።

በብዙዎቹ ሕመምተኞች ላይ የብግነቱ መነሻ አለርጂ ነው። አለርጂ ማለት ሰውነት ለሌላው ሰው ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ሆኖም አስም ሁሉ ከአለርጂ የመጣ አይደለም።

ማስፋፊያው መድኃኒት ብቻውን ስለ ምን አይበቃም?

በየጤና ጣቢያው የሚታወቀው የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞል ነው። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ በማላላት ትንፋሽን ይከፍታል። ነፍስ አዳኝ መድኃኒት መሆኑም አያጠራጥርም። ነገር ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ሦስት ነገሮች የሚያቃልለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እብጠቱን አይነካውም። ሕመምተኛው የተሻለው መስሎት ሲውል ብግነቱ ከሥር እየበረታ ይሄዳል።

የዚህ አካሄድ አደጋ ከተመዘገበባቸው አገሮች አንዷ ኒውዚላንድ ናት። በ1976 ፌኖቴሮል የተባለው ኃይለኛ ማስፋፊያ መድኃኒት በዚያች አገር ከተሠራጨ በኋላ በአስም የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ተመራማሪዎች የሟቾቹን መዝገብ መርምረው የመድኃኒቱንና የሞቱን ግንኙነት በ1989 ይፋ አደረጉ። መድኃኒቱ ከተገደበ በኋላም የሟቾቹ ቁጥር ቀነሰ።

ብግነቱን የሚቀንሰው መድኃኒት ኮርቲኮስቴሮይድ ይባላል። ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ከዚህ ወገን የሚመደቡ፣ ወደ ውስጥ በመሳብ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው። በካናዳ የሳስካችዋን ግዛት የሕመምተኞችን መዝገብ መሠረት አድርጎ በ2000 የወጣ ጥናት፣ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ በተጠቀመበት በእያንዳንዱ ተጨማሪ የኮርቲኮስቴሮይድ እቃ በአስም የመሞት አደጋው በ21 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አነስተኛ መጠን እንኳ ያለማቋረጥ ከተወሰደ ሞትን እንደሚከላከል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሕመምተኛ ደኅና በሆነበት ቀን መድኃኒት መውሰዱን ይተዋል። ይህ በየአገሩ የታየ የሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ እቃ አዋሕደው፣ ሕመምተኛው ትንፋሽ ባጠረው ጊዜ ሁሉ ማስፋፊያውንና ፀረ ብግነቱን በአንድነት እንዲወስድ የሚያደርግ ዘዴ ሞከሩ። በ2018 ሲግማ 1 በሚል ስያሜ የወጣውና 3,849 ሕመምተኞችን የያዘው ጥናት፣ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል የተዋሐዱበትን መድኃኒት ሲያስፈልጋቸው ብቻ የወሰዱት ሰዎች ማስፋፊያ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ከባድ የሕመም መነሣት በ64 ከመቶ እንደቀነሰላቸው አረጋገጠ።

በዚህና በተመሳሳይ ጥናቶች ላይ በመመሥረት፣ ጊና በሚል አኅጽሮተ ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አውጪ አካል በ2019 ታላቅ ለውጥ አደረገ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕመምተኞች በአጭር ጊዜ ማስፋፊያ ብቻ እንዳይታከሙና ሁሉም ኮርቲኮስቴሮይድ ያለበት ሕክምና እንዲያገኙ መመሪያው ያዝዛል። አስም ለጠናባቸው ሰዎች በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶችም ተገኝተዋል። ሆኖም ዋጋቸው እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ለጣቢያዎቻችን ሥራ ለጊዜው የሚረዱ አይደሉም።

በጅማ የተደረጉ ጥናቶች

ስለ አስምና ስለ አኗኗር ለውጥ ከሚጠቀሱት ታዋቂ ጥናቶች መካከል የተወሰኑት የተካሄዱት በአገራችን በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ገጠሮች ነው። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው የመጀመሪያው ጥናት ከ12,000 በላይ ነዋሪዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ አስም አለብን ያሉት ሰዎች በከተማው ከ3 ከመቶ በላይ፣ በገጠሩ ግን 1 ከመቶ ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖረው፣ በዓይን ለማይታየው ጥቃቅን ተባይ የቆዳ አለርጂ መኖሩ በከተማ ከአስም ምልክት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በገጠር ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በ2001 የወጡ ሁለት ተከታይ ጥናቶች ከፊል መልስ ሰጥተዋል። አንደኛው በቤት ውስጥ ላምባ በሚያነዱ ቤተሰቦች ዘንድ የአለርጂ ምልክቶች በዝተው እንደሚታዩ አመለከተ። ሁለተኛው ደግሞ በመንጠቆ ትል በብዛት በተያዙ ሰዎች ላይ የሲርሲርታው ሕመም አንሶ እንደሚገኝ አሳየ። ከዚህ የተነሣ የአንጀት ትል ለአስም መድኃኒት ይሆናል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በእንግሊዝ አገር የአስም ሕመምተኞችን ሆን ተብሎ በትሉ በማስያዝ የተደረገና በ2010 የወጣ ሙከራ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላስገኘም። የመንጠቆ ትል ደም ማነስን ስለሚያስከትል በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ከትሉ መታከም ይኖርበታል።

የጅማው ትምህርት ለሠፈራ ሥራ ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። ከ1984 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ተወስዶ ሠፍሯል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ሰው የሚለውጠው መሬቱን ብቻ አይደለም። ከደረቅ ደጋ ወደ እርጥበታማ ቆላ ሲወርድ የሚተነፍሰው አየር፣ የሚያነደው ማገዶ፣ የሚተኛበት ቤትና በዙሪያው የሚያብበው ተክል ሁሉ ይለወጣል። የአቧራው ተባይም የሚራባው እርጥበት ባለበት ስፍራ ነው። በመሆኑም የሠፋሪዎች ጤና ክትትል በወባና በተቅማጥ ላይ ብቻ ሳይወሰን የመተንፈሻ አካል ሕመሞችንም ሊመዘግብ ይገባል።

ጢስ፣ አቧራና የእህል ብናኝ

በጣቢያ ውስጥ ትንፋሽን የሚያውኩት ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጢስ ነው። በድንኳን ወይም መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ እንጨትና ኩበት ሲነድ እናትና ሕፃን ጢሱን በቅርብ ይተነፍሱታል። ማብሰያን ከመኝታ መለየት፣ ጣሪያው ጢስ የሚያወጣ የጋራ ማብሰያ ዳስ መሥራትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማደል ለአስም ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን ለመላው ሠፈር የሚጠቅም ተግባር ነው።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ተሽከርካሪዎች የሚመላለሱበትን መንገድ ከመኝታ ድንኳኖች ማራቅ በቦታ ምርጫ ጊዜ ወጪ አይጠይቅም። ከሠፈሩ በኋላ ግን ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ብርድ ልብስን በየጊዜው ፀሐይ ላይ ማስጣትም መልካም ነው፤ ይህ ብቻውን በሽታውን እንደማያድን ግን መታወቅ አለበት።

ሦስተኛውና እምብዛም የማይታሰበው የእህል ብናኝ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሠራተኞች በብናኙ ምክንያት ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጽፎ ነበር። በእርዳታ መጋዘን የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች፣ ወፍጮ ቤት የሚውሉ ሠራተኞችም ዛሬ በዚሁ አደጋ ላይ ናቸው። በሥራ ቀን ሲያፍነው ውሎ በዕረፍት ቀን የሚሻለው ሠራተኛ ካለ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ሊሆን ስለሚችል መመርመርና ወደ ሌላ ሥራ መዛወር ይገባዋል።

ሕመሙ በሚነሣበት ጊዜ

የሳል በሽተኛ ሁሉ አስም አለበት ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ሊመረመር ይገባዋል። ትኩሳት ያለበትና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ደግሞ ለሳንባ ምች መታየት አለበት። እየተመላለሰ የሚነሣና በመካከሉ ጋብ የሚል ሲርሲርታ ግን ወደ አስም ያመለክታል።

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ የታየበት ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሊደርስ ይገባል፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያልቻለ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሰማያዊነት መልክ ያሳየ፣ ያንቀላፋና የደነገዘ፣ ጡት መጥባት ወይም ውሃ መጠጣት ያቃተው ሕፃን። ሲርሲርታው በድንገት ጠፍቶ ደረቱ ዝም ካለና ሕመምተኛው እየደከመ ከሄደ ተሻለው ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ አየር መግባቱን ያቆመበት ምልክት ሊሆን ይችላልና።

እስኪደርስ ድረስ ሕመምተኛው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ አያስተኙት። የጤና ሠራተኛው ሳልቡታሞልን ከ4 እስከ 10 ጊዜ በየ20 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ያህል ሊሰጠው ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው የሚዋጥ ኮርቲኮስቴሮይድም ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈጅበት ሳይዘገይ ቢጀመር ይመረጣል።

መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ አፍ መንፋት ለሕፃናትና ለተጨነቀ ሕመምተኛ አስቸጋሪ ነው፤ አብዛኛው መድኃኒት በጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለዚህ የሚረዳው በመካከል የሚገባ የአየር ማጠራቀሚያ እቃ ነው። በደቡብ አፍሪቃ በኬፕታውን ተካሂዶ በ1999 የወጣ ጥናት፣ 500 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ማጠራቀሚያ ከፋብሪካው እቃ እኩል እንደሚሠራ አረጋግጧል። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ለዚህ ያገለግላል። በጠርሙሱ ቂጥ ላይ በመድኃኒቱ እቃ አፍ ልክ ቀዳዳ ይበጃል፤ አየር እንዳያስወጣም ዙሪያው በደንብ ይታሸጋል። ሕመምተኛው የጠርሙሱን አንገት በከንፈሩ ይዞ፣ አንድ ጊዜ በተነፋ ቁጥር ረጋ ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ጠርሙሱ አስቀድሞ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሳይወለወል ቢደርቅ መድኃኒቱ በግድግዳው ላይ አይጣበቅም።

የኃላፊዎች ድርሻ

አንደኛ፣ የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ሲሞላ ሳልቡታሞል ብቻ ሳይሆን የሚሳብ ኮርቲኮስቴሮይድ አብሮ መካተት አለበት። የሳልቡታሞል ክኒንና ሽሮፕ ከሚሳበው ይልቅ ዘግይተው የሚሠሩና የልብ ምትን በበለጠ የሚያፋጥኑ በመሆናቸው ምትክ ሊሆኑ አይገባም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ገቢዎች ሲመዘገቡ “ትንፋሽ የሚያጥርዎ ሕመም አለብዎ? በምን መድኃኒት ይታከሙ ነበር?” የሚል ጥያቄ ቢጨመር ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ሕመምተኛውን ማወቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የመድኃኒት ማደያ መዝገብ ብዙ ይናገራል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል እቃ የጨረሰ ሰው ለከባድ ሕመም የተጋለጠ ነው። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ የጨረሰ ደግሞ የመሞት አደጋው ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መድኃኒት አባካኝ ነው ብሎ ከመንቀፍ ይልቅ ወደ ሐኪም መላክ ይገባል።

አራተኛ፣ የሚሳበው ኮርቲኮስቴሮይድ ሱስ ያስይዛል የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑን ለተረጂዎች ማስረዳት ያስፈልጋል። ከተወሰደ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ የአፍ ቁስልን ይከላከላል። ውሃ በሚታደልበት ጣቢያ ይህች ትንሽ ውሃ ለሕመምተኛው ልትታሰብለት ይገባል።

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ተግባሮች አዲስ ሆስፒታል ወይም ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የሚጨመር አንድ መስመር፣ በመመዝገቢያው ላይ የሚጨመር አንድ ጥያቄ፣ ባዶ ጠርሙስና ከመኝታ የራቀ ምድጃ ይበቃሉ። ከረኀብ ተርፎ መጠለያ የደረሰ ሰው ባልተጠየቀ መድኃኒት ምክንያት ትንፋሽ አጥሮት እንዳይሞት ማድረግ የእያንዳንዱ ጣቢያ ኃላፊ የሥራ ግዴታ ነው።