የልጆቻችን ክብደት በየትኛው ሚዛን ይለካ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በክረምቱ እረፍት እህቴ የዓመት ልጇን አስመዝና ተመለሰች። 7.4 ኪሎ ነው፤ "ከመስመሩ በታች ነው" ብለዋታል። ቡና ላይ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን ወዲያው "ተይው ልጄ፣ እሱ የፈረንጅ ልጅ መለኪያ ነው። የኛ ልጆች ድሮም ቀጫጭን ናቸው" አሏት። እህቴ ተጽናናች። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። በርግጥ እያንዳንዱ አገር የራሱ የእድገት ሰንጠረዥ ቢኖረው አይሻልም? የኢንጂነሪንግ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይህ የመለኪያ ጥያቄ ነው።

1. መስመሩ ከየት መጣ?

የጎረቤታችን ንግግር ድሮ እውነትነት ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዓለም የተጠቀመበት ሰንጠረዥ ከአሜሪካ ልጆች ልኬት የተሠራ ነበር፤ ከጨቅላዎቹ አብዛኞቹ ያደጉት በጡጦ ነው። ስለዚህ ጡት ብቻ የሚጠባ ጤነኛ ሕፃን ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኋላ የቀረ ይመስል ነበር። ሱረቱል በቀራ (አንቀጽ 233) ሁለት ሙሉ ዓመት ማጥባትን ያወሳል። ጉድለቱ የመለኪያው እንጂ የእናት ወተት አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለማረም ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በዖማንና በአሜሪካ 8,500 ገደማ ልጆችን አስለካ። የተመረጡት ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ ኑሯቸው እድገታቸውን የማያግድ ልጆች ናቸው። ቁመታቸው በስድስቱም አገሮች በጣም ተቀራራቢ ሆነ። በ2006 የወጣው ሰንጠረዥ፣ አገራችንም የምትጠቀምበት፣ ከዚህ የመጣ ነው።

2. የራሳችንን ብንሠራስ?

በጤነኛ ሕዝብ ውስጥ "ከክብደት በታች" ከሚባለው መስመር ሥር የሚወድቁት ከ100 ልጆች 2 ገደማ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 24 በመቶውን እዚያ አገኛቸው። አሁን ከነዚሁ ልጆች አማካይ ወስደን አዲስ ሰንጠረዥ እንሥራ እንበል። በስሌቱ ብቻ ከመስመሩ ሥር የሚቀሩት እንደገና 2 ገደማ ይሆናሉ። ሌሎቹ 22 ልጆች አንድ ግራም ሳይጨምሩ በወረቀት ላይ ጤነኛ ሆኑ ማለት ነው። ረሃቡ አልቀነሰም፤ መስመሩ ግን ወረደ።

ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን የሚያጎድሉትን ስታስጠነቅቅ ብዙዎቻችን ሱቅ ብቻ ይታየናል። የልጅን ሐቅ በሰንጠረዥ ማጉደልም ማጉደል ነው።

3. የአገር ሰንጠረዥ መቼ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ አሠራሩ ጥንቃቄ ከተደረገበት። ኔዘርላንድስ የሞሮኮና የቱርክ ተወላጅ ልጆች ከደች ልጆች በአማካይ አጠር ስለሚሉ ለየብቻ ሰንጠረዥ አዘጋጅታለች። የሕንድ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2015 ከ5 እስከ 18 ዓመት ላሉት የራሱን ሲያወጣ መስመሩ ወደ ላይ እንዳይሳብ ከመጠን በላይ የወፈሩትን ልጆች ከስሌቱ አስወጣ። ሕንዳውያን በዝቅተኛ ውፍረትም ለስኳርና ለልብ ሕመም ስለሚጋለጡ የውፍረት ማስጠንቀቂያውንም ዝቅ አድርጎ አስቀመጠ። ሁሉም ለመለኪያነት የወሰዱት ጤነኛ ልጆችን ነው።

4. ቤታችን ስንመለስ

• የልደት ቀኑ በትክክል ይታወቅ፤ የወር ስህተት መስመሩን ይቀይራል።
• ልጁ ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ከባድ ልብስ ይውለቅ።
• የወንድና የሴት ሰንጠረዥ አይምታታ። በ12 ወር የወንዱ መስመር 7.7 ኪሎ፣ የሴቷ 7.0 ነው።
• አንድ ነጥብ አይፈረድበትም፤ የየወሩ አካሄድ ይታይ። ጠፍጣፋ የሆነ ወይም የሚወርድ መስመር ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ባለሙያ ያስኬዳል።

እህቴ በሳምንቱ ልጁን ይዛ ተመለሰች፤ ስለ ምግቡ መከሯት፤ በየወሩም ታስመዝነዋለች። አልሐምዱሊላህ፣ ነጥቦቹ አሁን ወደ ላይ እየሄዱ ነው። ጎረቤታችንም ክፉ አላሰቡም፤ ሊያጽናኗት ነበር። ልጅ አማና ነውና ማጽናኛችን ከሚዛኑ በኋላ ይምጣ።

ወላሁ አዕለም።