የአንድ ሊትር ቤንዚን ሒሳብ

«ቤንዚን ለምን ተወደደ?» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣለሁ። ነገሩ አራተኛ ክፍል በተማርነው ማባዛትና ማካፈል ይገባል፤ ቀስ እያልን እንሂድበት።

በመጀመሪያ በርሜሉን እንያዝ። በዓለም ገበያ ድፍድፍ ነዳጅ የሚሸጠው በበርሜል ነው፤ አንዱ በርሜል 159 ሊትር ነው። ዋጋው 80 ዶላር ነው እንበል። 80ን ለ159 ስናካፍል አንዱ ሊትር ግማሽ ዶላር ገደማ ይመጣል። ይህ ገና ያልተጣራው ነው። አገራችን የተጣራውን ገዝታ ስለምታስገባ የማጣሪያው፣ የመርከቡና የኢንሹራንሱ ወጪ ይጨመርበታል። ለጊዜው ግን ግማሽ ዶላሯን ብቻ ይዘን እንቀጥል።

አሁን ወደ ብር እንለውጣት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የ57 ግማሽ 28 ብር ከ50 ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ዶላሩ 125 ብር አካባቢ ደረሰ። የዚህ ግማሽ 62 ብር ከ50 ነው። ልብ በሉ፤ በሒሳባችን በርሜሉ ከ80 ዶላር ንቅንቅ አላለም። ሊትሩ ግን በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። «በዓለም ገበያ ነዳጅ ቀነሰ ሲባል እኛ ጋ ለምን አይቀንስም?» ለሚለው የብዙ ሰው ጥያቄ ትልቁ መልስ እዚህች መስመር ላይ ነው። ያልገባው ካለ ተመልሶ አንድ ጊዜ ያስላት።

ታዲያ የማደያው ዋጋ በአንድ ሌሊት ለምን እጥፍ አልሆነም? ድጎማ ስለነበረ ነው። መንግሥት ለዓመታት ነዳጅን ከገዛበት በታች ሲሸጥ ልዩነቱ ዕዳ ሆኖ ተከማቸ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ግን ለጊዜው እንዲቆይ ተደረገ። ስለዚህ የብሩ መውረድና የድጎማው መነሳት አንድ ላይ መጡብን። የቤንዚን ዋጋ በመስከረም 2017 መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ።

መንገዱም አለ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990ው ጦርነት ወዲህ የአሰብ ወደብ ስለተዘጋብን ነዳጃችን በዋናነት በጅቡቲ በኩል፣ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ቦቴው ራሱ ናፍጣ ይጠጣል። ሽንኩርቱንና ጤፉን የሚያመጣው አይሱዙም እንደዚያው፤ መኪና የሌላት እናት ከጉሊት ስትገዛ የነዳጁን ጭማሪ አብራ ትከፍላለች።

ዋጋውን ሸማቹ ማውረድ አይችልም። በእጁ ያለው የሊትሩ ቁጥር ነው፤ ይህን ደግሞ አብዛኞቻችን አናውቀውም። «የ1000 ብር ቅዳልኝ» እንላለን እንጂ ስንት ሊትር እንደገባ አናይም። ዘዴው ቀላል ነው። ፉል ያስሞሉና የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ ይጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ፉል ሲያስሞሉ የገባውን ሊትር ያንብቡ፤ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር ለዚያ ያካፍሉ። 300 ኪሎ ሜትር በ25 ሊትር ከሆነ፣ መኪናዎ በሊትር 12 ትሄዳለች። ይህ ቁጥር ከወር ወር ከወረደ መኪናዋ እየነገረችዎ ነው፤ የላላ ጎማ፣ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ወይም ያረጀ ካንዴላ ሊሆን ይችላል። ከጎማው ይጀምሩ። ትክክለኛው የንፋስ መጠን በብዙ መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ተለጥፏል፤ ጎሚስታው በግምት እንዳይነፋው ያሳዩት።

አንድ ልማድ ግን በጣም ያሳስበኛል። የሠፈራችን ልጅ አንድ ቀን በቪትዙ ከእንጦጦ ሲያወርደኝ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ኒውትራል አደረገው። «ጋሼ፣ ቤንዚን እየቆጠብኩ ነው» አለኝ። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተን። በካርቡራተር ዘመን ይህ ጥቂት ሳይቆጥብ አልቀረም። የዛሬ ኢንጀክሽን መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ፣ ቁልቁል እየወረደ ሳለ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋዋል። ኒውትራል ሲያደርጉት ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት ይጀምራል፤ የመኪናው ክብደት ሁሉም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ማደያ ላይ ሲቀዳልዎ ከመኪናዎ ወርደው የመቅጃው ቆጣሪ ከዜሮ መነሳቱን ይዩ፤ ደረሰኝም ይጠይቁ። በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅምና ይለፉት። ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲሰሙም ቤንዚን በጀሪካን ገዝተው ቤት አያስቀምጡ። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ በወለሉ ላይ ተስቦ የከሰል ምድጃው ጋ ይደርሳል። ልጆች በሚተኙበት ቤት የቤንዚን ጀሪካን ካለ እባክዎ ዛሬውኑ ያውጡት።